የእናት ጡት ወይስ የጣሳ ወተት?

ለማኅበረ ምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



ከጥቂት ዓመታት በፊት በከተማ የምትገኝ አንዲት ማኅበረ ምእመናን እኛ በምንሠራበት ወረዳ ላሉ እናቶች የሚሆን የዱቄት ወተት በካርቶን ሰብስባ ላከችልን። እኅቶች ከቤት ወጪያቸው ቀንሰው የገዙት ነበር። እኛም ደስ ብሎን ተቀበልን። የሚያጠቡ እናቶችን በስም ዝርዝር ጠርተን ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ጣሳ አደልን፤ ፎቶግራፍ አነሣን፤ የምስጋና ደብዳቤም ወዲያው ጻፍን።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ቤት ለቤት ስንዞር ከእነዚህ እናቶች አንዷን አገኘናት። ወተቱን በተቀበለች ጊዜ ልጇ የሁለት ወር ሕፃን ነበር፤ ጡቱንም በደንብ ይጠባ ነበር። አማቷ «ከከተማ የመጣው ይሻለዋል» ብለው መከሯት። እርሷም ለልጇ የሚበልጠውን መስጠት ፈልጋ ጣሳውን ከፈተች። ቶሎ እንዳያልቅባት የአንድ ጊዜውን ዱቄት ለሁለት ጊዜ አደረገችው። ውኃው ከምንጭ የሚቀዳ ነው፤ እንጨት ሲኖር ይፈላል፣ ሳይኖር ይቀራል። አራቱ ጣሳ ሲያልቅ ጡቷም ደርቆ ነበር። እኛ ስንደርስ ሕፃኑ በተቅማጥ ተዳክሞ፣ ዓይኑ ጎድጉዶ፣ ለማልቀስ እንኳ አቅም አጥቶ አገኘነው።

ወደ ጤና ጣቢያ አደረስነው፤ ሕክምናም አገኘ። ከዚያ በኋላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ልጆች ያሳደጉ አንዲት የሰፈር እናት ለብዙ ቀን እየተመላለሱ ሕፃኑን ደጋግመው ጡት በማስያዝ ወተቱ ቀስ በቀስ እንዲመለስ ረዱ። ሕፃኑ ዳነ። እኛ ግን ይህን ሁሉ ለሰጡን እኅቶች አልጻፍንላቸውም። እነርሱን ማሳዘን ፈራን፤ የራሳችንንም ጥፋት መናገር ከበደን። ይህ ትምህርት ያን ጊዜ ልንጽፈው ይገባን የነበረ ነው።

«ጡት ይሻላል ወይስ ጣሳ?» የሚለው ክርክር በየቤቱና በየሴቶች ማኅበሩ ይነሣል። ብዙውን ጊዜም አንዷን እናት አስመስግኖ ሌላዋን አሳፍሮ ይዘጋል። እኛ ከደረሰብን ነገር የተማርነው ግን፣ ከእናቲቱ አስቀድሞ በዙሪያዋ ያለነው ሁላችን መጠየቅ እንዳለብን ነው። ልታጠባ የምትችልበትን ኑሮ አመቻችተንላታል ወይስ እንቅፋት ሆነንባታል? በዚህ ትምህርት የምናየው ይህን ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. ክርክሩ ከየት መጣ?

በጥንት ዘመን እናት የሞተችበትን ሕፃን የምታሳድገው ሌላ የምታጠባ ሴት ነበረች። በአገራችን «የጡት ልጅ» የሚለው አጠራር የጡት ዝምድና እንደ ሥጋ ዝምድና ይቆጠር እንደ ነበር ያስታውሰናል። በፋብሪካ የተሠራ የሕፃናት ምግብ ለገበያ የወጣው በ1860ዎቹ ነው። ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሄንሪ ኔስሌ በስዊስ አገር በ1867 ከላም ወተት፣ ከስንዴ ዱቄትና ከስኳር የሠራው ነበር። የታሰበውም የእናት ጡት ላጡ ሕፃናት ነበር። መነሻው መልካም እንደ ነበር መካድ አይገባም።

ነገር ግን ገበያው እየሰፋ ሲሄድ ጣሳው ጡት ላላቸውም ሕፃናት መሸጥ ጀመረ። በ1939 ሲስሊ ዊልያምስ የተባሉ የሕፃናት ሐኪም በሲንጋፖር ለሮታሪ ክለብ አባላት ንግግር ሲያደርጉ ርዕሱን «ወተትና ግድያ» ብለው ሰየሙት። በሥራቸው ላይ ሆነው፣ ያለ ምክንያት ከጡት ተለይተው በጣሳ ወተት የተያዙ ሕፃናት ሲሞቱ አይተው ነበርና ነው። በ1974 ዋር ኦን ዋንት የተባለ የእንግሊዝ ድርጅት በማይክ ሙለር የተጻፈውን «ሕፃን ገዳዩ» የተሰኘ ዘገባ አወጣ። ዘገባው በድሃ አገሮች ነርስ የሚመስል ልብስ የለበሱ ሻጮች እናቶችን እየዞሩ እንደሚያነጋግሩና ነፃ ናሙና እንደሚሰጥ አሳየ። በ1977 በአሜሪካ የኔስሌን ዕቃ ያለመግዛት አድማ ተጀመረ፤ አብያተ ክርስቲያናትም ተባበሩት።

በግንቦት 1981 በጄኔቫ የተሰበሰበው የዓለም ጤና ጉባኤ ስለ ጡት ወተት ምትኮች አሻሻጥ የወጣውን ዓለም አቀፍ ደንብ በ118 ድጋፍ፣ በ1 ተቃውሞና በ3 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀ። የተቃወመችው አሜሪካ ብቻ ነበረች። ደንቡ ወተቱ ጨርሶ አይሸጥ አላለም። የከለከለው ለሕዝብ ማስታወቂያ መንገርን፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠትንና ሻጮች እናቶችን በቀጥታ ማነጋገራቸውን ነው። በ1994 ደግሞ ጉባኤው በነፃ ወይም በዋጋ ቅናሽ የሚሰጥ የሕፃናት ወተት በጤና ተቋማት ውስጥ እንዳይኖር አሳሰበ።

እንግዲህ ወገኖች፣ እኛ ያደልነው አራት ጣሳ ከነጋዴው ናሙና በምን ይለያል? ነጋዴው ለትርፍ ሲል አደረገው፤ እኛ ለፍቅር ስንል አደረግነው። በእናቲቱ ጡትና በሕፃኑ ሆድ ላይ ያስከተለው ነገር ግን አንድ ዓይነት ነው።

2. ጡት እንዴት ይሠራል?

ሀ. ጡት እንደ እንስራ አይደለም። እንስራ ከተቀዳበት ይጎድላል፤ ጡት ግን ሲጠባ ወተት ይጨምራል። ሕፃኑ ሲስብ መልእክቱ ወደ እናቲቱ አንጎል ይደርስና ሁለት ሆርሞኖች ይመነጫሉ። ፕሮላክቲን የተባለው ወተቱን ያሠራል፤ ኦክሲቶሲን የተባለው ደግሞ እንዲፈስ ያደርጋል። ሥቃይና ጭንቀት ይህን አፈሳሰስ ሊያዘገይ ይችላል። እናቲቱ «ወተቴ አነሰ» ብላ ጡጦ ስትጨምር ሕፃኑ ከጡት የሚስበው ይቀንሳል፤ ስለሚቀንስም ወተቱ በእውነት ያንሳል። ብዙ ጊዜ ጡት የሚደርቀው በዚህ መንገድ ነው። በወተት ማነስ ለምትሰጋ እናት የመጀመሪያው ምክር ቶሎ ቶሎ፣ ሌሊትም ጭምር ማጥባትና ሕፃኑ ጡቱን አስፍቶ መጉረሱን ማየት ነው።

ለ. እንገሩ አይደፋ። በወሊድ የመጀመሪያ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫማ ወተት በሽታን በሚከላከሉ ነገሮች የተሞላ ነው። በብዙ አካባቢ ግን «ሆድ ያማል» ተብሎ ታልቦ ይደፋል፤ በምትኩም ለሕፃኑ ቅቤ ያስልሱታል፣ ወይም ስኳር በውኃ ይሰጡታል። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። አያቶችንና የልምድ አዋላጆችን ስናስተምር ግን ልማዳቸውን አናቃልል። ቅቤውን የሚሰጡት ለሕፃኑ አስበው ነው፤ ያው ፍቅራቸው ወደ እንገሩ እንዲዞር እንርዳቸው።

ሐ. እስከ ስድስት ወር ውኃ አያስፈልግም። ከጡት ወተት ከመቶው 87 እጅ ያህሉ ውኃ ስለ ሆነ በቆላ አገር እንኳ ለሕፃኑ ጥም ይበቃል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2001 እንዳሳሰበው ሕፃኑ እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ ይጥባ። ከስድስት ወር በኋላ ጡት ብቻ አይበቃውም፤ ከእህልና ከጥራጥሬ የተዘጋጀ ወፈር ያለ ገንፎ፣ እንቁላል፣ የተፈጨ አትክልትና ፍራፍሬ እየተጨመረለት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ።

መ. ለእናቲቱም ይጠቅማል። ወዲያው ማጥባት ማኅፀን እንዲኮማተርና ደም መፍሰስ እንዲቀንስ ይረዳል። ያጠቡ እናቶች በጡት ካንሰር የመያዛቸው ዕድል ዝቅ ይላል። ሕፃኑ ስድስት ወር ካልሞላው፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ ከጠባና የእናቲቱ የወር አበባ ካልተመለሰ፣ ሦስቱም አንድ ላይ እስከ ተሟሉ ድረስ ማጥባት ሌላ እርግዝናን ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ግን ሌላ መከላከያ ያስፈልጋታል።

በ2016 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ማጥባት በመላው ዓለም በሚገባ ቢስፋፋ በየዓመቱ 823,000 ያህል የሕፃናትን ሞት ማስቀረት እንደሚቻል ገምቷል።

3. ጣሳው በቤታችን ምን ይገጥመዋል?

የዱቄት ወተት መርዝ አይደለም። በጥንቃቄ ተዘጋጅቶ ብዙ ሕፃናት አድገውበታል። ይሁን እንጂ ጡት የሚሰጠውን የበሽታ መከላከያ አይሰጥም። ከዚህም በላይ በደኅና ለመጠቀም አራት ነገሮች ሁልጊዜ መኖር አለባቸው፤ እነርሱም ንጹሕ ውኃ፣ ማገዶ፣ ገንዘብና መመሪያውን አንብቦ በትክክል መለካት ናቸው።

ዱቄቱ ራሱ ከጀርም ፍጹም የጸዳ ስላልሆነ ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባላነሰ ሙቅ ውኃ መበጥበጥና ለሕፃኑ እስኪመች ድረስ መቀዝቀዝ አለበት። ይህም በቀን ስድስትና ሰባት ጊዜ፣ ሌሊትም ጭምር ነው። እንጨት ከሩቅ ተሸክማ ለምታመጣ እናት ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ አስቡት። ጡጦው ደግሞ ለማጠብ አስቸጋሪ ነው፤ በጫፉና በአንገቱ ውስጥ የቀረው ወተት የጀርም መራቢያ ይሆናል።

ወጪውንም እናስላ። አንድ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ወደ 20 ኪሎ የሚደርስ ዱቄት ይፈልጋል። ይህ 400 ግራም የሚይዝ ጣሳ ሲሆን 50 ጣሳ ነው። በአቅራቢያችሁ ባለ ሱቅ የአንዱን ዋጋ ጠይቁና በ50 አባዙት፤ ከዚያም በወረዳችሁ የቀን ሠራተኛ በስድስት ወር ከሚያገኘው ጋር አስተያዩት። እኛ አራት ጣሳ ሰጠን። በትክክል ቢለካ የሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ነበር። ጡት ለማድረቅ ይበቃል፤ ልጅ ለማሳደግ ግን አይበቃም።

ይህ የደረሰው በእኛ ብቻ አይደለም። በግንቦት 2006 በኢንዶኔዥያ በዮግያካርታ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰ ጊዜ የዱቄት ወተት በብዛት በእርዳታ ታደለ። በኋላ በተደረገው ጥናት ወተቱን ከተቀበሉት ሕፃናት መካከል በተቅማጥ የተያዙት ካልተቀበሉት ከእጥፍ በላይ ሆነው ተገኙ። በዚያው በ2006 መጀመሪያ በቦትስዋና ከከባድ ዝናብና ጎርፍ በኋላ የተቅማጥ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሕፃናት ሞቱ። በአገሪቱ ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ በማሰብ የዱቄት ወተት በነፃ ይታደል ነበር፤ በወረርሽኙ እጅግ የተጎዱትም ጡት የማይጠቡት ሕፃናት ነበሩ። በሁለቱም ስፍራ የሰጪዎቹ ሐሳብ ቅን ነበር።

4. ጣሳው የሚያስፈልገው መቼ ነው?

እዚህ ላይ ሚዛናዊ መሆን ይገባናል። እናቱ የሞተችበት ሕፃን አለ። እናቱ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳ ከአያቱ ጋር የቀረ ሕፃን አለ። ለካንሰር የሚሰጥን ዓይነት መድኃኒት ስለምትወስድ ሐኪም እንዳታጠባ የሚከለክላት እናት አለች። ከስንት አንድ ጊዜ ደግሞ የወተትን ስኳር ሰውነቱ የማይቀበል ሕፃን ይወለዳል፤ ለእርሱ የተለየ ምግብ ያስፈልጋል። ለእነዚህ የተዘጋጀው ወተት ሕይወት ነው፤ ስለ እርሱም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን።

ኤች አይ ቪ በደማቸው ስላለ እናቶችም በግልጽ እንናገር። ቀድሞ ብዙዎቹ እንዳያጠቡ ይመከሩ ነበር። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከተስፋፋ ወዲህ ግን ምክሩ ተለውጧል። በ2016 የወጣው የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ እናቲቱ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ ቢያንስ 12 ወር እንድታጠባ፣ እስከ 24 ወርና ከዚያም በላይ መቀጠል እንደምትችል ይናገራል። ስለሆነም የቀድሞውን ምክር የያዙ ወገኖች ቢኖሩ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ እንጂ በሰሙት ብቻ አያስጥሉ።

ጣሳው በእርግጥ ባስፈለገ ጊዜ፣ ጤና ባለሙያ መርምሮ ይወስን፤ ወተቱ እስከሚያስፈልግበት ጊዜ ድረስ ሳይቋረጥ የሚገኝበት መንገድ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ አሳዳጊዋ አበጣበጡን በራሷ ቤት፣ በራሷ ዕቃ ትማር፤ በጡጦ ፈንታ ለማጠብ በሚቀል ሲኒ ወይም ኩባያ ይሰጥ፤ የምናየውም በየሳምንቱ ይሁን። ይህ ሁሉ በጸጥታ እንጂ በአደባባይ አይደረግ።

ደግሞም ሞክራ ያልሆነላትን እናት አናሳፍር። ቆስላ፣ ታማ፣ ብቻዋን ሆና ጣሳ የገዛች እኅት ከእኛ ዘንድ ልትሰማ የሚገባት «እንዴት ነሽ? ምን እናግዝሽ?» የሚለውን ነው።

5. እናቲቱን ማን ያግዛታል?

በመጀመሪያው መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 1 የሐናን ታሪክ እናነባለን። ሕልቃና ከነቤተሰቡ ለዓመቱ መሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ ሐና ሕፃኑ ጡት እስኪተው ድረስ ልትቆይ እንደምትወድ ነገረችው፤ እርሱም ተስማማ። ሐና ልጁን ከእግዚአብሔር ለምና ያገኘች፣ ለእርሱም ልትሰጠው የተሳለች ሴት ነበረች። ቢሆንም ማጥባቷን ከአምልኮዋ የሚያጎድል ነገር አድርጎ የቆጠረባት የለም። በዘፍጥረት ምዕራፍ 21 ደግሞ አብርሃም ይስሐቅ ጡት በተወ ቀን ትልቅ ግብዣ እንዳደረገ ተጽፏል። ጡት መጥባትና መተው የመላው ቤት ጉዳይ ነበር ማለት ነው።

የእኛስ ቤት እንዴት ነው? በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉት ሕፃናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ነበሩ። የቀሩት እናቶች ልጃቸውን ስለማይወዱ አይደለም። በጉሊት የምትቸረችረዋ እናት በአራስነቷ ወደ ገበያ ካልወጣች የዕለት እንጀራ የላትም። በ2019 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለተቀጠረች እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀናት እረፍት ከነደመወዟ ይሰጣል። ለጉሊት ነጋዴዋና ለቀን ሠራተኛዋ ግን ይህን የሚሰጣት አሠሪ የለም። ከመካከላችን በቤታችን ሠራተኛ የምናሠራም ራሳችንን እንጠይቅ፤ ብትወልድ ልጇን የምታጠባበት ቦታ በቤታችን አላት ወይስ ታሰናብታለች?

በአገራችን ለአራስ ገንፎና አጥሚት ይዞ መጠየቅ የቆየ መልካም ልማድ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጠያቂ መጥፋቱ ነው። ማጥባቱ ግን ያን ጊዜ ገና መጀመሩ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው እንደሚባለው፣ ለአንዲት እናት የከበደው ለአንዲት ማኅበረ ምእመናን ቀላል ነው።

6. ምን እናድርግ?

ለደጋፊዎቻችን፦ የዱቄት ወተትና ጡጦ አትላኩልን፤ በድርቅና በመፈናቀል ጊዜም እንኳ አትላኩ። ለእናቲቱ የሚሆን እህልና ጥራጥሬ፣ የውኃ ጄሪካን፣ ሳሙና፣ ወይም የእነዚህን መግዣ ላኩ። የምታጠባን እናት መመገብ ሕፃኑን መመገብ ነው።

ለፕሮጀክት ሠራተኞች፦ ሳይጠየቅ የመጣ የሕፃናት ወተት ቢኖር አታድሉ፤ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አስታውቁ። ከወተት ኩባንያ ስጦታ፣ ፖስተርም ሆነ እስክሪብቶ አትቀበሉ። በየምግብ እደላው የሚያጠቡ እናቶች ሳይሰለፉ ቀድመው ይስተናገዱ፤ ተቀምጠው የሚያጠቡበት ጥላም ይዘጋጅላቸው።

ለማኅበረ ምእመናን፦ ለአራሷ ስድስት ወር የሚዘልቅ የውኃና የእንጨት ተራ አውጡ። ልጆች ያሳደጉና ያጠቡ ሁለት እኅቶች አዲስ እናቶችን እንዲጎበኙ መድቡ። ባሎችንና አማቶችን ጨምራችሁ አስተምሩ፤ በቤት ውስጥ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ እነርሱ ናቸውና።

ይህን ጽሑፍ ከማሳተማችን በፊት ወተቱን ለላኩልን እኅቶች ሄደን የሆነውን ሁሉ ነገርናቸው። ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያም አንዲቱ «ታዲያ ያን ጊዜውኑ ለምን አልነገራችሁንም?» አለችን። የምንመልሰው አልነበረንም፤ ይቅርታ ጠየቅን። በዚያው ዕለት ለአጥሚት የሚሆን እህል ለመግዛት መዋጮ ጀመሩ።

የውይይት ጥያቄዎች

1. በሰፈራችሁ ሕፃን እንደ ተወለደ መጀመሪያ የሚቀምሰው ምንድን ነው? ይህን የሚወስነው ማን ነው?
2. «ወተቴ አነሰ» ለምትል እናት ከዚህ ትምህርት ምን ትመክሯታላችሁ?
3. ከማኅበራችሁ አሁን የሚያጠቡት እናቶች እነማን ናቸው? ከእያንዳንዳቸው ላይ የትኛውን ሥራ ልታነሡላት ትችላላችሁ?
4. ሐና ወደ ሴሎ ሳትወጣ እንደ ቀረች፣ የምታጠባ እኅት ከስብሰባ ብትቀር እንዴት እናያታለን?
5. በቅን ልብ ሰጥታችሁ ጉዳት ያስከተለ ስጦታ ታስታውሳላችሁ? ለሰጪውና ለተቀባዩ እውነቱን ነግራችኋል?